ያልተሰበረ ስልክ ለምን ይሞታል?

በ2025 አጋማሽ ላይ ዋትሳፕ በአይፎን 5ኤስ፣ በአይፎን 6 እና በአይፎን 6 ፕላስ ላይ መሥራቱን አቆመ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ በአንድሮይድ 4.4 የሚሠሩ ስልኮች ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸው ነበር። በሴፕቴምበር ደግሞ አፕል አይኦኤስ 26ን ሲያወጣ፣ በ2018 ለገበያ ያቀረባቸውን አይፎን ኤክስአር፣ ኤክስኤስ እና ኤክስኤስ ማክስን ከዝርዝሩ አስወጣቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ዜና በወጣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ «አዲስ እንድንገዛ ሆን ብለው ነው» ይላል። ሌላው «ቴክኖሎጂ እንዲህ ነው፣ ያረጀ ይጣላል» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም የተወሰነ እውነት አላቸው። ግን ስልኩ ላይ በትክክል ምን እንደደረሰ፣ ማን እንደወሰነና መቼ እንደወሰነ አይነግሩንም።

ውሳኔው ብዙ ሰው ከሚያስበው ቀድሞ ነው የሚሰጠው። የአንድ ስልክ ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው ገና ከመሸጡ በፊት ነው። አምራቹ «ይህን ሞዴል ለስንት ዓመት አፕዴት አደርገዋለሁ?» የሚለውን ሲቆርጥ ዕድሜው ተቆረጠ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ካርቶኑ ላይ አይጻፍም። ሻጩ አይናገረውም፣ ገዢውም አይጠይቅም። ሱቅ ገብተን የምንጠይቀው ስለ ካሜራው፣ ስለ ራሙና ስለ ስቶሬጁ ነው።

ጥያቄው አሁን ይበልጥ የሚያሳስበው፣ አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት ራሱ እየከበደ ስለመጣ ነው።

## «አፕዴት» የምንለው ሦስት የተለያየ ነገር ነው

በዕለት ተዕለት ንግግር ሁሉንም «አፕዴት» እንላቸዋለን። ሦስቱን ሳይለዩ ግን ስለ ስልክ ዕድሜ መነጋገር አይቻልም።

የመጀመሪያው የኦፐሬቲንግ ሲስተም ለውጥ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ስልኩን ከሥር የሚመራው ዋናው ፕሮግራም ነው። አንድሮይድ ወይም አይኦኤስ ማለት ነው። ከአንድሮይድ 13 ወደ 14 መሄድ የዚህ ዓይነት ለውጥ ነው። መልኩ ይቀየራል፣ አዳዲስ ነገሮች ይጨመራሉ። ከባድ ስለሆነም አሮጌ ስልክን ሊያዘገይ ይችላል።

ሁለተኛው የደኅንነት አፕዴት ነው። ይህ መልክ አይቀይርም። የተገኙ ቀዳዳዎችን ብቻ ይደፍናል። መጠኑ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ከሦስቱ በጣም አስፈላጊው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በጣም የሚናቀውም እሱ ነው።

ሦስተኛው የአፕ አፕዴት ነው። ዋትሳፕ፣ ቴሌግራም ወይም የባንክ አፕ በፕሌይ ስቶር በኩል የሚታደሰው ማለት ነው። ይህ የአፑ ባለቤት ሥራ እንጂ የስልኩ አምራች ሥራ አይደለም።

ስልክ «ሞተ» የሚባለው እነዚህ ሦስቱ በተራ በተራ ሲቆሙ ነው። መጀመሪያ አዲሱ ሥሪት ይቀርበታል። ከዚያ የደኅንነት አፕዴቱ ይቋረጣል። በመጨረሻም አፖቹ አንድ በአንድ ይለዩታል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። አይፎን ኤክስአር ጥሩ ምሳሌ ነው። አይኦኤስ 26 ባይደርሰውም፣ አፕል ከዚያ በኋላም ለአይኦኤስ 18 የደኅንነት አፕዴት ልኮለታል። ከዚህም ይበልጥ የሚገርም አለ። በሴፕቴምበር 2025 አፕል አንድ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ሲደፍን፣ በ2015 የወጣው አይፎን 6ኤስ ሳይቀር ማሻሻያው ደርሶታል። ስለዚህ «ከዝርዝር ወጣ» የሚለው ዜና በማግስቱ ስልኩን የሚያስጥል ዜና አይደለም።

## አንድሮይድ ለምን ቶሎ ይቋረጣል?

አፕል ስልኩንም፣ ቺፑንም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙንም ራሱ ነው የሚነድፈው። አንድ ቀዳዳ ሲደፍን ለማንም ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልገውም። የአንድሮይድ መንገድ ከዚህ በጣም ይረዝማል።

መጀመሪያ ጉግል አዲሱን ሥሪት ያወጣል። ከዚያ የቺፑ ሠሪ ይመጣል። ኳልኮም፣ ሚዲያቴክ ወይም ዩኒሶክ ሊሆን ይችላል። ቺፕ የስልኩ አንጎል ነው። ካሜራውን፣ ኔትወርኩንና ስክሪኑን ከአንድሮይድ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም የሚጽፈው የቺፑ ሠሪ ነው። እሱ «ለዚህ ቺፕ ሥራ አቁሜያለሁ» ካለ፣ ስልክ አምራቹ ቢፈልግ እንኳ ብዙ ርቀት መሄድ አይችልም። ቀጥሎ አምራቹ የራሱን መልክና አፖች ጨምሮ፣ በእያንዳንዱ ሞዴል ላይ ሞክሮ ይለቀዋል። በአንዳንድ አገሮች ቴሌኮም ኩባንያውም የራሱን ፍተሻ ያደርጋል።

በዚህ ሰንሰለት ላይ ያለው እያንዳንዱ ሥራ ገንዘብ ያስወጣል። ከተሸጠ ስልክ ደግሞ ብዙም ተጨማሪ ገቢ የለም። ውድ ስልክ ላይ ትርፉ ሰፊ ስለሆነ ወጪውን ይሸከማል። በርካሽ ስልክ ላይ ግን ትርፉ ቀጭን ነው። አምራቹ በዓመት ውስጥ በርካታ ሞዴል ያወጣል፤ ለሁሉም ኢንጂነር መድቦ ለዓመታት ማቆየት አያዋጣውም። ርካሽ ስልክ ቶሎ የሚረሳው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። አምራቹ ተንኮለኛ መሆን የለበትም። የንግዱ ሒሳብ ራሱ ወደዚያ ይገፋዋል።

ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል። በአፍሪካ ትልቁ ስልክ ሻጭ የቻይናው ትራንሽን ነው። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የሱ ብራንዶች ናቸው። ኩባንያው ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል። እነዚህ ስልኮች ብዙ ሰው ኢንተርኔት እንዲጠቀም አድርገዋል፤ ይህን ማሳነስ አይገባም። ሁለት ሲም፣ ትልቅ ባትሪና አቅምን ያገናዘበ ዋጋ ይዘው መጡ። በአፕዴት በኩል ግን ርካሾቹ ሞዴሎች ከውድ ስልኮች ጋር አይወዳደሩም።

ጉግል ችግሩን ያውቀዋል። በ2017 አንድሮይድ 8ን ሲያወጣ የቺፑን ክፍል ከዋናው ሲስተም የሚለይ አሠራር አመጣ። በ2019 ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ደግሞ አንዳንድ የሲስተሙን ክፍሎች አምራቹን ሳይጠብቅ በፕሌይ በኩል ማደስ ጀመረ። ሁለቱም ረድተዋል። ሰንሰለቱን ግን አልበጠሱትም።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በፉክክር ነው። በኦክቶበር 2023 ጉግል ራሱ ለሚሸጠው ስልክ፣ ለፒክስል 8፣ የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገባ። በጃንዋሪ 2024 ሳምሰንግ ለጋላክሲ ኤስ24 ያንኑ አደረገ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሳምሰንግ መካከለኛ ዋጋ ላለው ጋላክሲ ኤ16 የ6 ዓመት ቃል ሰጠ። ለኔ ትልቁ ዜና ይህ የመጨረሻው ነው። ረጅም ዕድሜ የሀብታም ስልክ ብቻ መሆኑ ማብቃት የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙውን ጊዜ 7 ዓመቱ የሚቆጠረው ስልኩ ለዓለም ገበያ ከወጣበት ቀን እንጂ እርስዎ ከገዙበት ቀን አይደለም። ፒክስል 8ን በ2027 መገናኛ ላይ የገዛ ሰው የሚቀረው 3 ዓመት ገደማ ነው። «አዲስ፣ ዕሽጉ ያልተፈታ» የሚለው ቃል ስለዚህ ምንም አይናገርም። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ስልክም ዕድሜው ይቆጠራል።

## «ሆን ብለው ያዘገዩታል» የሚለው ክስ ምን ያህል እውነት ነው?

ይህ ክስ ከባዶ አልመጣም። በዲሴምበር 2017 አፕል አሮጌ ባትሪ ያላቸውን አይፎኖች በአፕዴት በኩል ፍጥነታቸውን ይቀንስ እንደነበር አመነ። ምክንያቱ፣ ያረጀ ባትሪ ድንገተኛ ኃይል ሲጠየቅ መስጠት ስለሚያቅተው ስልኩ እንዳይጠፋ ነው አለ። ማብራሪያው በቴክኒክ በኩል ያስኬዳል። ችግሩ ለተጠቃሚው አለመነገሩ ነው። ባትሪ ብቻ መቀየር የሚበቃው ሰው፣ ስልኩ ያበቃለት መስሎት አዲስ ይገዛል።

ባለሥልጣናትና ፍርድ ቤቶችም ያዩት በዚህ ዓይን ነው። ጣሊያን በ2018 አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣች፤ ስልኮችን ያዘገዩ አፕዴቶችን በተመለከተ ማለት ነው። ፈረንሳይ በ2020 አፕልን 25 ሚሊዮን ዩሮ አስከፈለች። በአሜሪካም አፕል በዚያው ዓመት እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ስምምነት ፈረመ። ከ2018 ጀምሮ በአይፎን ሴቲንግ ውስጥ የባትሪውን ጤንነት በፐርሰንት ማየት ይቻላል። የዚያ ክርክር ፍሬ ነው።

ስለዚህ ክሱ አንድ ትልቅ ማስረጃ አለው። ነገር ግን የስልክ መዘግየት ሁሉ በዚህ አይብራራም። በጣም የተለመዱት ሁለት ምክንያቶች ሌሎች ናቸው።

አንደኛው ራሱ ባትሪው ነው። ሊቲየም ባትሪ በኬሚስትሪው የተወሰነ ዕድሜ አለው። አፕል ለአይፎን 14ና ከዚያ በፊት ለነበሩት የሚሰጠው ግምት፣ ባትሪው ከ500 ሙሉ ዙር በኋላ 80 ፐርሰንት አቅሙን ይይዛል የሚል ነው። ለአይፎን 15 ይህን ወደ 1,000 ዙር ከፍ አድርጎታል። አንድ ዙር ማለት በድምሩ የ100 ፐርሰንት ቻርጅ አጠቃቀም ነው። በየቀኑ አንድ ዙር የሚጨርስ ሰው 500ውን ከአንድ ዓመት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ይደርስበታል። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ፀሐይ ላይ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ፣ ወይም ትራስ ሥር እየተሞላ የሚያድር ስልክ ቶሎ ይደክማል።

ሁለተኛው የአፖቹ መክበድ ነው። የዛሬው ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ከአምስት ዓመት በፊት የነበረው አይደለም። የሚሠሩት አዲስ ስልክ በያዙ ሰዎች ነው፣ የሚሞከሩትም በአዲስ ስልክ ነው። 2 ጊጋ ራም ያለው ስልክ ሳይለወጥ ቆሞ፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ ይከብዳል። ስቶሬጁም ይሞላል፤ በተለይ ከቴሌግራም በሚወርድ ቪዲዮ።

ብዙ ሰው «አፕዴት ስልክ ያዘገያል፣ ዳታም ይበላል» ብሎ ሁሉንም አፕዴት ይዘጋል። ስለ ትልቁ የሥሪት ለውጥ ከሆነ ፍርሃቱ ምክንያት አለው። ደካማ ስልክ ላይ አዲስ አንድሮይድ መጫን አንዳንዴ ያስጸጽታል። የዳታ ወጪውም ቀልድ አይደለም። የደኅንነት አፕዴቱን አብሮ መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ስልኩን የሚያዘገይበት ምክንያት እምብዛም የለም።

## አፖች ለምን ከስልኩ ይለያሉ?

ዋትሳፕን የሚሠራ ኩባንያ እያንዳንዱን አዲስ ነገር በሁሉም የአንድሮይድ ሥሪት ላይ መሞከር አለበት። የድሮው ሥሪት አዲሱ የሚሰጠውን የምስጠራ ወይም የካሜራ አሠራር ላይኖረው ይችላል። ተጠቃሚው እያነሰ ሲሄድ ወጪው አያዋጣም ይባልና ሥሪቱ ይቆረጣል። ለኩባንያው ትንሽ ፐርሰንት ነው። ያ ትንሽ ፐርሰንት ግን በአብዛኛው በድሀ አገሮች የሚኖር ሰው ነው። ከልጁ ጋር በዋትሳፕ ብቻ የሚገናኝ ወላጅ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የማይታይ ሌላም አለ፤ የድረ ገጽ ሰርተፍኬት ነው። ሰርተፍኬት ማለት አንድ ድረ ገጽ እውነተኛ መሆኑን ለስልኩ የሚያረጋግጥ ዲጂታል ማኅተም ነው። ስልኩ የሚያምናቸው ማኅተም ሰጪዎች ዝርዝር በውስጡ አለ። አፕዴት ካልደረሰው ዝርዝሩ ያረጃል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው በነጻ ሰርተፍኬት የሚሰጥ ድርጅት፣ ከአንድሮይድ 7.1.1 በፊት ለነበሩ ስልኮች ያዘጋጀውን መሸጋገሪያ በ2024 ዘጋ። በእነዚህ ስልኮች ላይ ብዙ ገጾች «ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ» እያሉ መከፈት ያቆማሉ። ሰው ኔትወርኩን ይራገማል። ጥፋቱ የኔትወርኩ አይደለም። ፋየርፎክስ የተባለው የድረ ገጽ መክፈቻ አፕ የራሱን ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ፣ እሱን መጫን አንዳንዴ መፍትሔ ይሆን ነበር።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ከማኅበራዊ ሚዲያ በላይ ሆኗል። ቴሌብር በሜይ 2021 ከተጀመረ ወዲህ ደመወዝ፣ ታክሲ፣ የመብራት ክፍያና የትምህርት ቤት ክፍያ ወደ ስልክ ገብቷል። ባንኮችም ሰውን ወደ አፕ እየገፉ ነው። የባንክ አፕ ደግሞ ከሌሎች አፖች ቀድሞ አሮጌ ሥሪትን ቢዘጋ አይፈረድበትም፤ የሰው ገንዘብ ነው የያዘው።

ስልኩ አፑን አልቀበልም ያለው ሰው የሚሄድበት መንገድ ዩኤስኤስዲ ነው። እንደ *127# ያለው በኮከብ ተጀምሮ በመሰላል የሚዘጋው አጭር ቁጥር ማለት ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም። ባለ ቁልፍ ስልክ ላይም ይሠራል። ይህ መንገድ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ብዙ ሰው ከሥርዓቱ ውጪ እንዳይቀር ያደርጋል። ባንኮችና ቴሌኮሞች አዲስ አገልግሎት በአፕ ብቻ ሲለቁ፣ ማንን ውጭ እንዳስቀሩ መቁጠር ያለባቸው ይመስለኛል።

## አሮጌ ስልክ መያዝ በእርግጥ አደገኛ ነው?

በ2015 ስቴጅፍራይት የተባለ የአንድሮይድ ቀዳዳ ተገኘ። በአንድ የኤምኤምኤስ መልእክት ብቻ፣ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ ስልኩን ማጥቃት ያስችል ነበር። ጉግል በየወሩ የደኅንነት አፕዴት ማውጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አደጋው ተረት አይደለም።

ሆኖም መጠኑን ማመዛዘን ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ የረቀቀ ጥቃት ብዙውን ጊዜ የሚነጣጠረው በጋዜጠኛ፣ በፖለቲከኛ ወይም በትልቅ ነጋዴ ላይ ነው። ተራው ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ከዚህ በቀለለ መንገድ ነው። «ከባንኩ ነው የምደውለው፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» በሚል ስልክ። ወይም በቴሌግራም በተላከ ኤፒኬ። ኤፒኬ ማለት ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚጫን የአንድሮይድ አፕ ፋይል ነው። ቦነስ፣ ሽልማት ወይም «አዲሱ የባንክ አፕ» ተብሎ ይመጣል።

አሮጌ ስልክና ኤፒኬ ሲገናኙ ነው ነገሩ የሚበላሸው። አፕዴት የደረሰው ስልክ ተንኮለኛ አፕ ሊሠራ የሚችለውን ይገድባል። አሮጌው አንድሮይድ ያ መከላከያ የለውም። ፕሌይ ስቶርም ለአሮጌ ሥሪት ብዙ አፖችን ስለማያቀርብ፣ ባለቤቱ «የሚሠራልኝ ኤፒኬ ላኩልኝ» እያለ ወደ ቴሌግራም ቻናል ይሄዳል። አሮጌ ስልክ ይዞ ገንዘቡን በዩኤስኤስዲ የሚያንቀሳቅስና ኤፒኬ የማይጭን ሰው፣ አዲስ ስልክ ይዞ ያገኘውን ሁሉ ከሚጭነው ሰው ይልቅ ደኅና ነው።

## ዋጋው ለምን ይጨምራል?

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ስልክ ቶሎ ቢሞትም ተተኪው ይረክሳል። አሁን ያ እየተቀየረ ነው።

ራም የሚባለውን ሜሞሪ የሚሠሩት ትልልቅ ኩባንያዎች ሦስት ናቸው። ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስ እና ማይክሮን። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ለዳታ ማዕከሎቻቸው እጅግ ብዙ ሜሞሪ ይገዛሉ፤ ጥሩ ዋጋም ይከፍላሉ። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ወደዚያ ዞሩ። በ2025 ሁለተኛ አጋማሽ የሜሞሪ ዋጋ በፍጥነት ወጣ። ማይክሮን በዲሴምበር 2025 ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ተጠቃሚ ይሸጥ የነበረውን ንግድ እንደሚተው አስታወቀ። ጉዳቱ በርካሽ ስልክ ላይ ይበረታል። ምክንያቱም ከጠቅላላ ወጪው ውስጥ ሜሞሪው የሚይዘው ድርሻ ሰፊ ነው። አምራቹ ወይ ዋጋ ይጨምራል፣ ወይ ራሙን ይቀንሳል። ራሙ የተቀነሰ ስልክ ደግሞ ቶሎ ያረጃል።

እኛ ጋ በዚህ ላይ ብር ይጨመራል። በጁላይ 2024 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲተው አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሚገጣጠመውም ሆነ በሻንጣ የሚገባው ስልክ ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ነው።

በዚህ ሁኔታ ስልክን በመሸጫ ዋጋው ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። የሚሻለው ዋጋውን በቀረው የአፕዴት ዓመት ማካፈል ነው። 20,000 ብር የሆነና 2 ዓመት የቀረው ስልክ በዓመት 10,000 ብር ያስወጣል። 30,000 ብር የሆነና 5 ዓመት የቀረው በዓመት 6,000 ብር ነው። ውድ የመሰለው ረከሰ። እርግጥ 10,000 ብር ተጨማሪ በእጁ የሌለው ሰው ይህን ሒሳብ ቢያውቀውም አይጠቅመውም። ድህነት ውድ የሚሆነው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ በምክር ብቻም አይፈታም።

የሰው ሠራሽ አስተውሎትን በስልኩ ላይ መሸጫ ማድረጉም ሌላ ግፊት ነው። አፕል በ2024 ያቀረበው አፕል ኢንተለጀንስ ከአይፎን 15 ፕሮ በታች አይሠራም። ግን እስከ 2025 መጨረሻ ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም። በአማርኛ ለሚጠቀም ሰው፣ ይህ የሚሠራ ስልኩን ለመቀየር ምክንያት አይሆንም።

## ከውጭ የሚመጣው ስልክ

ብዙ ቤተሰብ ጥሩ ስልክ የሚያገኘው ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገር በሚልክ ዘመድ በኩል ነው። ያገለገለ አይፎን ወይም ሳምሰንግ፣ በተመሳሳይ ዋጋ ከሚገዛ አዲስ ርካሽ ስልክ ብዙ ጊዜ የተሻለ የአፕዴት ዕድሜ አለው። ግን ሦስት ነገሮች ያበላሹታል።

የመጀመሪያው ሎክ ነው። በአሜሪካ ስልክ በብዛት የሚሸጠው በቴሌኮም ኩባንያ በኩል በየወሩ በሚከፈል ዕዳ ነው። ዕዳው እስኪያልቅ ብዙ ጊዜ በሌላ ሲም አይሠራም። ላኪው ከመላኩ በፊት ማስከፈት አለበት። እዚህ ከደረሰ በኋላ ነገሩ ይከብዳል።

ሁለተኛው የአካውንት ቁልፍ ነው። አፕል ከ2013፣ አንድሮይድ ከ2015 ጀምሮ የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ካላወጣ ስልኩ ተደምስሶ እንኳ አይከፈትም። የተሰረቀ ስልክ እንዳይሸጥ የታሰበ ነው፤ ይጠቅማልም። ግን አካውንቱን ሳያወጣ የላከ ወንድም ስልክ ሳይሆን ብርጭቆ ነው የላከው።

ሦስተኛው አዲስ ነው፤ ኢሲም። ኢሲም ማለት ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የተሠራ ሲም ነው። በአሜሪካ የሚሸጡ አይፎኖች ከአይፎን 14 ጀምሮ የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም። በ2025 ደግሞ አይፎን 17 በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኤምሬትስ፣ በኩዌት፣ በኳታር፣ በኦማንና በባሕሬን ያለ ሲም ማስገቢያ መሸጥ ጀመረ። ኢትዮ ቴሌኮም ኢሲም ስለሚሰጥ ስልኩ ከንቱ አይሆንም። ነገር ግን የአገልግሎት ማእከል ሄዶ ማስቀየር ያስፈልጋል። ስልኩ ሲበላሽ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ መክተትም የለም። በክልል ከተማ ወይም በገጠር ለምትኖር እናት የሚገዛ ከሆነ፣ ይህን ቀድሞ ማሰብ ይገባል።

እዚሁ ዩዝድ ስልክ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ሊያየው የሚችለው ነገር አለ። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ገብቶ የደኅንነት አፕዴቱን ቀን ማየት ነው። ቀኑ ከአንድ ዓመት በላይ ካረጀ፣ ኢንተርኔት አገናኝቶ አዲስ መኖሩን መፈተሽ። ከሌለ ስልኩ ተቋርጧል ማለት ነው፤ ዋጋውም በዚያ ልክ መውረድ አለበት። አይፎን ከሆነ የባትሪ ጤንነቱን ማየት። ከአይኦኤስ 15.2 ወዲህ ባሉት ደግሞ ባትሪው ወይም ስክሪኑ ኦሪጅናል መሆኑን ሴቲንጉ ራሱ ይናገራል።

## የአውሮፓ ሕግ እኛ ጋ ይደርሳል?

ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የሚሸጥ አዲስ ስልክ፣ ሞዴሉ መሸጥ ካቆመበት ቀን አንስቶ ቢያንስ 5 ዓመት የኦፐሬቲንግ ሲስተም አፕዴት ማግኘት አለበት። ባትሪው ከ800 ዙር በኋላ 80 ፐርሰንት መያዝ አለበት። መለዋወጫ ሽያጩ ካበቃ በኋላ ለ7 ዓመት መገኘት አለበት። ቆጠራው የሚጀምረው ከሽያጩ ማብቂያ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ቀደም ሲል ያነሳሁትን የመደርደሪያ ወጥመድ ይዘጋል።

አምራቾች ይህ ዋጋ ያንራል ብለው ይከራከራሉ። ፍጹም ሐሰት አይደለም፤ ኢንጂነርም መለዋወጫም ወጪ ነው። የመጠገን መብት ተሟጋቾች ደግሞ ስልኩ ሁለት ዓመት ከጨመረ ተጠቃሚው ከዚያ በላይ ያተርፋል ይላሉ። ሒሳቡ ወደ ሁለተኛው ወገን የሚያደላ ይመስለኛል፤ በተለይ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበት አገር። በአውሮፓ ሁለት ዓመት ያገለገለ ስልክ አዲስ አበባ ሲደርስ ገና ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል።

ለአፍሪካ ገበያ ተብለው የሚሠሩ ርካሽ ሞዴሎች ግን ብዙዎቹ አውሮፓ አይሸጡም። ሕጉ አይደርስባቸውም። የሳምሰንግ ገዢ በአውሮፓ ሕግ ይጠቀማል፤ የአይቴል ገዢ ላይጠቀም ይችላል።

ለእኛ ይበልጥ የሚስማማው የእንግሊዝ መንገድ ነው። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ እዚያ አምራቹ ቢያንስ እስከ መቼ የደኅንነት አፕዴት እንደሚሰጥ በግልጽ መናገር አለበት። ሕጉ የዓመት ቁጥር አያስገድድም። መናገርን ብቻ ነው የሚያስገድደው። አፕል እንኳ ለአይፎን ቢያንስ 5 ዓመት ብሎ በጽሑፍ ያስቀመጠው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ለስልኮችና ለሌሎች የቴሌኮም ዕቃዎች የዓይነት ማረጋገጫ፣ ማለትም ሞዴሉ ለገበያ ይቅረብ የሚል ፈቃድ፣ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማረጋገጫው ሲሰጥ የአፕዴት ማብቂያ ቀን እንዲቀርብና እንደ መድኃኒት ማለቂያ ቀን ካርቶኑ ላይ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች እንዲታተም ማድረግ ይችላል። ለመገጣጠሚያዎቹ የሚያመጣው ወጪ የአንድ መስመር ኅትመት ነው። አስመጪዎች በኮንትሮባንድ የሚገባው ስልክ ይህን ግዴታ ስለማይሸከም እኛ ብቻ እንጎዳለን ሊሉ ይችላሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቀን የተጻፈበት ካርቶን ቀን ካልተጻፈበት አጠገብ ሲቀመጥ፣ ገዢው ሁለተኛውን ለምን እንዳልተጻፈበት መጠየቅ ይጀምራል።